ደህና ነው ያልኩህ ስላይድ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ለፈተና አራሚዎች ቀለብ የሚያመላልሰው ሹፌር ነው። ስልካችሁ ተሰብስቦ ባይቆለፍበት ኖሮ ደውዬ እነግርህ ነበር። ይሄም ውሸት ነው፤ በስልክ አልደፍረውም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፣ ይሄኛውን ግን እንደ ምንም ብዬ እጨርሰዋለሁ።

ዋሽቼሃለሁ።

ከአንገትህ እብጠት የተወሰደውን ናሙና ቀለም የነከርኩት እኔ ነኝ። የእኔ ሥራ ስላይዱን፣ ናሙናው ያረፈበትን መስታወት፣ አዘጋጅቶ ለሐኪሙ ማስረከብ ነው፤ ውጤት የሚናገረው እሱ ነው። ስምህን ሳይ ግን አላስቻለኝም፣ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበስኩ። ጤነኛ ሴል ውስጥ ኒውክለሱ ትንሽ፣ ልከኛ፣ ጭምት ነገር ነው። ያንተዎቹ ጠቁረዋል፣ ቅርጻቸው ተዛብቷል፣ አብጠው ሴሉን ሊሞሉት ምንም አልቀራቸውም። አሥራ አምስት ዓመት ስላይድ ሳዘጋጅ ኖሬ ምን እንደሆነ አላጣሁትም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ፈተና እርማቱ ልትሄድ ሻንጣህን አንጠልጥለህ ላቦራቶሪው በር ላይ ብቅ አልክ።

"እህስ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?"

"ደህና ነው፣ ሂድ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ኧረ ሂድ፣ መኪናው ጥሎህ እንዳይሄድ።"

ደስ ብሎህ ግንባሬን ሳምከኝ። ይኸው ዘጠኝ ቀኔ፣ ቁጭ ብድግ ስል። ለምን እንደዋሸሁ ልንገርህ? ሐኪሙ "ተሳስተሻል" እንዲለኝ እየተመኘሁ ነበር። ትናንት ውጤቱ ላይ ፈረመ። አልተሳሳትኩም።

ክርክራችን ትዝ ይልሃል? አንተ የፊዚክስ አስተማሪው፣ "አተሙ የትምህርት ቤታችንን ግቢ ቢያክል ኒውክለሱ የሰናፍጭ ፍሬ አይሞላም፤ ክብደቱን ሁሉ የተሸከመው ግን እሱ ነው" ትላለህ። እኔ ደግሞ፣ "ያንተን ማን አይቶት ያውቃል? የእኔ ቀለም ነክሬ የማሳይህ ነው። ሴሉን የሚያዘውም እሱ ነው።" "የአንቺም እኮ ከእኔው የተሠራ ነው" ብለህ ትረታኛለህ።

ሕክምናህ ጨረር ነው። ከኮባልት ኒውክለስ የሚወጣው ጨረር የታመመውን ሴል ኒውክለስ መትቶ እንዳይባዛ ያደርገዋል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የቃጣኝ ሮጬ ላንተ መንገር ነበር፣ "ይኸው ተገናኙልህ" ልልህ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሐኪሙ ቶሎ ከተጀመረ ተስፋው ጥሩ ነው ብሏል። ዘጠኝ ቀን እኔ አባክኜብሃለሁ፤ የእርማቱን ሦስት ሳምንት አንተ አትጨምርበት።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተራ ይዤልሃለሁ። ሹፌሩንም ያለ አንተ እንዳይመለስ ለምኜዋለሁ። ወረቀቱን ሌላ ሰው ያርመው። ለሚስትህ አልነገርኳትም፤ እሷን እንኳ አንተው ንገራት፣ ከእኔ አፍ ከእንግዲህ ምን እውነት ይጠበቃል።

እንደምትቀየመኝ አውቃለሁ። መጥተህ ተቆጣኝ፣ ከፈለግህም አኩርፈኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ብታኮርፈኝ ደስታውን አልችለውም።

በር በሩን የምታየው
እህትህ