ትልቅ ቤት የገባች ልጅ

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ይርጋለም። ጤናዎ እንደ ምኞቴ ይሁን፤ እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

በልጅ ልጅዎ ሠርግ ላይ አንዲት እንግዳ «አብርሆት እኮ ትልቅ ቤት ገባች!» ስትል ሰማኋት። እርስዎም በስልክ «ሰውየው የማን ዘር ነው?» ብለውኝ ስለነበር ነገሩን አጣራሁ። ሴትዮዋ እውነቷን ነው። የአብርሆት ባል ቤተሰብ መጠሪያ ዋርድ ነው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ ዘበኛ ማለት ሲሆን፣ መነሻው የባላባት በር ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ዛሬ እዚህ አሜሪካ ዋርድ የሌለበት ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። እንግዲህ ዘበኛ ከዘበኛ ተጋባን። እነሱ ሥራውን ትተው ስሙን ያዙ፤ እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ አሁንም በር ላይ ቆሜያለሁ።

ሙሽሮቹ እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ ቤት ተከራይተዋል። በራቸው ላይ «ዋርድ» ይላል። እኔም ብቸኛዋ ልጄም እዚህ እስከ ዛሬ በእርስዎ ስም፣ ይርጋለም ተብለን ስንጠራ ስለኖርን «ያንቺስ የታለ?» አልኳት።

«አባዬ፣ ቼንጅ አደረግኩት እኮ። ፔፐርወርክ ነው፣ ዶንት ወሪ!» አለችኝ።

እኔም አልተጨነቅሁም። በማግስቱ መልሼ የደወልኩላት ሌላ ጉዳይ ስለነበረኝ ነው። ስልኩን ስታነሳ ግን ጉዳዩን ረሳሁት።

ምርቃትዎ አይለየን።

ልጅዎ ሙላቱ ይርጋለም

የጠየቁኝን ፎቶ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። መነጽርዎን አድርገው ይዩት፤ በዘበኛ ልብሴ ደረት ላይ የተጻፈው የእርስዎ ስም ነው። በመጋቢት ጡረታ ስወጣ ልብሱ ለኩባንያው ይመለሳል።