ከሥሩ ያላየነው መኪና

ሰኞ

አባዬ አያ ደመቀን ጠራቸው። ሳይነግረኝ። የሰማሁት እራት ላይ ነው፣ ያውም ለእማዬ ሲነግራት። ነገ መኪና ለማየት ስንሄድ አያ ደመቀ ከፊት ይቀመጣሉ፤ እኔ ከኋላ።

«መራጯ አንቺ ነሽ» ያለኝ አባዬ ነው። በራሱ አፍ። እኔ አልለመንኩትም።

እኔ የነገርኩት ይህን ብቻ ነበር። በትምህርት ቤታችን ሙሳክ፣ መኪና እየፈታን በምንማርበት ጋራዥ ውስጥ፣ ለረጅሙ ዕረፍት ባዶ የሚሆን አንድ ጥግ አለ። መምህራችን አቪ ጥጉን አሮጌ መኪና ላመጣ ተማሪ እሰጣለሁ ብሏል። በጣም አሮጌ፣ ፈትተን፣ በይደን፣ ቀብተን እንደገና የምናስነሳው። እስከሚመጣው እሑድ ካልገባ ጥጉ ለሌላ ተማሪ ይሰጣል። ይህን ስነግረው የአባዬ ፊት በራ። ጎንደር እያለ አሥራ አንድ ዓመት የጭነት መኪና ረዳት ነበር። መሪ ሳይጨብጥ ነው ወደዚህ፣ ወደ ኔታንያ፣ የመጣው። እዚህ ደግሞ ብርቱካን ማሸጊያ ቤት ይሠራል። አሮጌ የጭነት መኪና እንገዛለን፣ አንቺ ትመርጫለሽ፣ አብረን እናድሳለን አለኝ። ሁለት ሳምንት በደስታ እንቅልፍ አጣሁ።

አሁን አያ ደመቀ። የአባዬ የአጎት ልጅ ናቸው። ጎንደር እያሉ በቅሎ ወይም በሬ የሚገዛ ሰው ሁሉ ገበያ ይዟቸው ይሄድ ነበር አሉ። ጥርስ አይተው ዕድሜ ይናገራሉ። መኪና ጥርስ የለውም።

እንደ ሁልጊዜው ሳህኑን አጥቤ ክፍሌ ገባሁ። ይህን በአማርኛ ፊደል የምጽፈው እህቴ እንዳታነበው ነው፤ እሷ የምታውቀው ዕብራይስጥ ብቻ ነው። እኔ ጎንደር ሦስተኛ ክፍል ስለደረስኩ ይህ ቀርቶልኛል። ሌላ ትምህርት ብዙ አልገባኝም። ብረት ግን ይገባኛል።

ነገ የማየው፦ ሻሲው (መኪናው የተጫነበት የብረት አጽም)፣ የበሮቹ የታች ጠርዝ፣ የካሶኒው፣ የጭነት ሳጥኑ፣ ወለል፣ ባላስትራው፣ ዘይት የሚያንጠባጥብበት ቦታ። ሞተር የመጨረሻ ነው። ሞተር ይጠገናል። ሻሲው የበሰበሰ መኪና ግን ሬሳ ነው ይላል አቪ።

ማክሰኞ

ከገበያው ጀርባ አንድ ሰውዬ ቀይ ስቴሽን ዋገን አለው። መንገድ ላይ ቆመን አየነው። አያ ደመቀ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ዞሩ፣ ኮፈኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፣ ጎማውን ጎንበስ ብለው እንደ ኮቴ አዩት። እኔ ከፍሪጃችን በር ላይ የወሰድኩትን ማግኔት በኪሴ ይዣለሁ። ሰው ሳያየኝ በሩ ላይ አስጠጋሁት። ወደቀ። ትንሽ ከፍ አደረግኩት፣ አሁንም ወደቀ። ላሜራ የለም ማለት ነው፤ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው።

የአባዬን እጅጌ ሳብኩ። ማግኔቱን ሰጠሁት። እሱም ሞከረ፣ ወደቀበት። ሰውየውን ደህና ዋል ብሎት ሄድን።

ደስ ብሎኝ ነበር። እስከ መኪናችን ድረስ ብቻ። ተቀምጠን ሳንጨርስ አያ ደመቀ «እኔ ሲጀመርም ሆዴ አልወደደውም» አሉ። አባዬም አዎ አያ፣ የእርስዎ ዓይን ሌላ ነው አላቸው። ማግኔቱ እኮ እጁ ላይ ነበር!

ቀጥለው ደግሞ ሰውየውን አሙት። ውሃ እንኳ ጠጡ አላለንም፣ መንገድ ላይ አቁሞን ዋለ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው አዩኝና «ይቺ ልጅ ምላሷን አሮፕላን ላይ ረስታው ነው የወረደችው?» ብለው ሳቁ። አባዬም ሳቀ።

ረቡዕ

ወረቀቱን በእስክሪብቶ እየቀደድኩ ነው የምጽፈው። በንዴት።

ከከተማችን ወጣ ብላ ያለችው ቴል ሞንድ ሄድን። ሻጩ ናሁም የሚባል ሽማግሌ ገበሬ ነው። ዱሮ ብርቱካን ወደ ማሸጊያ ቤት ያመላልስበት የነበረ ሰማያዊ ቴንደር አለው፤ እዚህ ፒክአፕን ቴንደር ነው የሚሉት። አባዬ ገና ከሩቅ ሲያየው ቆመ። ጎንደር ይጭንበት ከነበረው መኪና ጋር ፊቱ አንድ ነው አለ። መብራቶቹ ክብ ናቸው። ያምራል፣ አልዋሽም። እኔም ወደድኩት።

ግን የቆመበትን ሲሚንቶ አየሁ። ከካቢናው ጀርባ፣ መኪናው ሥር፣ እንደ ደረቅ ቅጠል የረገፈ ቡናማ ነገር አለ። ዝገት ነው። ወፍራም ዝገት። የበሩ ጠርዝ ደግሞ በአዲስ ቀለም ተነክቷል።

ናሁም መጀመሪያ ቤት ግቡ አለን። ሚስቱ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ የወይራ ፍሬ፣ የተላጠ ብርቱካን ደረደረች። አያ ደመቀ ደስ አላቸው፤ ይኸውላችሁ ሰው ማለት እንዲህ ነው አሉ። በላን። ሻይ ጠጣን። ናሁም ስለ እርሻው አወራ፣ አባዬ በተሰባበረ ዕብራይስጡ ስለ ማሸጊያ ቤቱ አወራ። ከዚያ ወጣን።

ናሁም ክሪክ አለኝ፣ ላንሳላችሁና ከሥር እዩት አለ። አባዬ አያስፈልግም አለ። ናሁም እንደገና እዩት እንጂ፣ አሮጌ ነው እኮ አለ። አባዬ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አይ፣ አንተን አምነናል አለ። ጠጋ ብዬ በጆሮው፣ አባዬ፣ ከሥሩ እንየው አልኩት። ፈገግታውን ሳያጠፋ፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ፦

«የሰው ቤት በልተን?»

አለኝና እጁን ለናሁም ዘረጋ። ተጨባበጡ። አያ ደመቀ መረቁ። ዓርብ ጧት መጥተን ወረቀቱን እንጨርሳለን ተባለ።

ዝገቱን እያየሁ ዝም አልኩ። አባዬ ላይ ነው የተናደድኩት ወይስ በራሴ ላይ? በሁለታችንም። በአያ ደመቀም። በወይራውም።

ሐሙስ

ለአቪ ነገርኩት። መኪናውን ከሥሩ ሳያይ የሚገዛ ማን ነው አለኝ። እንቁላል ስለበላን ነው ብለው ይገባዋል?

ከትምህርት ቤት እስከ ሠፈራችን ዶራ በእግሬ መጣሁ። በመንገድ ሁሉ የምለውን ተለማመድኩ። አባዬ፣ ስንበላ ተበላን፣ መኪናው በስብሷል፣ ጥጉ የሚሰጠኝ አንድ ጊዜ ነው። ቤት ስገባ አባዬ ከሥራ ተመልሶ ሶፋው ላይ ነበር።

ነገርኩት። ስለረገፈው ዝገት፣ ስለ አዲሱ ቀለም። ዕረፍቱ ሁሉ በብየዳ ያልቃል፣ ሞተሩን ሳንነካው ትምህርት ይከፈታል አልኩት። ረጅም ነገር ተናግሬ አላውቅም፤ እማዬ ከወጥ ቤት ወጥታ አየችኝ።

እጄን ሰጥቻለሁ አለ። የሰው ማዕድ በልቼ፣ ተመርቆልኝ፣ ከዚያ እንደ ሌባ ፈታሽ ከንብረቱ ሥር ልግባ? ምን ይለኛል?

ምን ይለኛል። ምን ይለኛል። ይህን ቃል ስሰማ ነው ያደግኩት።

እና ከአፌ ወጣ። «አሥራ አንድ ዓመት ከመኪና ሥር ሳትወጣ ኖረህ፣ ዛሬ ለእኔ መግባት አፈርክ?»

አልጮኸብኝም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ሾፌሩ ሻይ ሲጠጣ ጭቃ ላይ የምተኛው እኔ ነበርኩ፣ አንቺም ሰው ጓሮ እንድተኛ ትፈልጊያለሽ አለና ተነሥቶ ሰገነቱ ላይ ወጣ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

እማዬ ከኔ ጋር አልተጣላችም። እውነት ከሆነ እውነት ነው፣ የተናገርሽበት አፍ ግን የኔ ልጅ አፍ አይደለም አለች። ሳህን አጠብኩ። አንድ ብርጭቆ ሰበርኩ።

አሁንም ተናድጃለሁ። አፍሬያለሁም።

ዓርብ

እንደሆነው ልጻፍ።

ማንም ሳያናግረኝ ከኋላ ገብቼ ተቀመጥኩ። አሮጌ ሱሪዬን ለብሻለሁ፣ ካቻቢቴና የስልኬን መብራት ይዣለሁ። ቴል ሞንድ ስንደርስ የናሁም ሚስት በሩ ላይ ሆና ግቡ፣ ግቡ አለችን። ጠረጴዛው ላይ ኬክ ይታያል። አባዬ ወደ ቤቱ ሲዞር እኔ ወደ መኪናው ዞርኩ። ሻሎም እንኳ አላልኩም። ሲሚንቶው ላይ ተጋደምኩና ከሥሩ ገባሁ።

አባዬ «የሺ፣ ተነሺ» አለ። የስልኬን መብራት አበራሁ። ድጋሚ ተነሺ አለ፤ ድምፁ ሌላ ነበር። ጫማዎቹን አያለሁ። የአያ ደመቀን ከዘራ አያለሁ። ካቻቢቴውን ሻሲው ላይ ጫን አደረግኩ። ደረቅ ኬክ ውስጥ የሚገባ ይመስል ገባ። እስከ እጀታው። ትንሽ ወደ ኋላ ሄጄ ደገምኩት፣ ገባ። ዝገቱ ፊቴ ላይ፣ አፌ ውስጥ ረገፈ። ሰባት ቦታ ቆጠርኩ። ከዚያ ተውኩት።

የናሁም ጫማ መጣ። ይጮህብኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሳቀ። ክሪኩን ጎትቶ አመጣና መኪናውን አነሣልኝ፤ ደንበኛ መብራትም ሰጠኝ። በመጨረሻ ሰው አየው አለ። ሁለት ጊዜ ለአባትሽ ነገርኩት፣ እንቢ ሲለኝ ለሚስቴ ይህ ሰው ወይ በጣም ሀብታም ነው ወይ ከእኔ ይበልጥ ያውቃል አልኳት አለኝ። አዎ፣ ሻሲው በስብሷል አለ። መቼ ደበቅኩ? እዩት አላልኩም?

ብሎ ነበር። ይኼ ነው ያናደደኝ። የምናደድበት ሰው እንኳ አጣሁ።

ስወጣ አባዬ አመድ መስሏል። አያ ደመቀ ከዘራቸውን አንድ ቀዳዳ ውስጥ ከትተው አወጡ።

«በቅሎ ብትሆን እግሯን አንሥቼ አያት ነበር» አሉ ለአባዬ። «ግን በቅሎ የሚገዛው ገበያ ነው። ባለቤቱም ቆሞ፣ እኛም ቆመን። ሰው ቤት በልቶ በቅሎ የገዛ የለም። አልለመድነውም።»

አባዬ ለናሁም እጄን ሰጥቻለሁ፣ እወስደዋለሁ አለው። ናሁም ግራ ገባው። የምን እጅ አለ። ውሰድ፣ አትውሰድ፣ ያንተ ጉዳይ ነው። አባዬ ግን ቆመ። ወደፊትም ወደ ኋላም አልል አለ። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ።

«አንወስደውም» አልኩ በዕብራይስጥ። ካሰብኩት በላይ ጮኾ ወጣ። የጎረቤት ውሻ ጮኸ።

ናሁም «ባሴዴር» አለ። እሺ ማለት ነው። በቃ። ሦስት ቀን የተቃጠልኩበት ነገር በአንዲት እሺ አለቀ። ሚስቱ ኬኩን በወረቀት ጠቅልላ ለሰንበት ሰጠችን።

ኔታንያ ደረስን። አያ ደመቀ ሲወርዱ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ አንጥረኛ መስለሻል አሉኝ። ስድብ ነው ወይስ ምርቃት አላወቅኩም።

እሑድ

ትናንት ቅዳሜ፣ ሰንበት ነበር፣ አልጻፍኩም። አባዬ ትናንት የተናገረኝ ሁለት ነገር ነው። ጨው አቀብዪኝ። መስኮቱን ዝጊው።

እዚህ እሑድ ትምህርት አለ፤ ዛሬ አቪን መኪና የለኝም አልኩት። ቀኑ ነው፣ ጥጉን ይወስደዋል ብዬ ነበር። የሆነውን ጠየቀኝ፤ ስለ ካቻቢቴው ነገርኩት። አንድ ሳምንት ጨመረልኝ። አንድ ብቻ። የሚጠብቅ ሌላ ተማሪ እንዳለ ነገረኝ፤ አልረሳሁትም።

ቤት ስደርስ አባዬ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ስልክ ያወራል። ሥራ ቦታ አንድ ሰው ቁጥር ሰጥቶት ነው፣ ሐዴራ በሚባል ከተማ አሮጌ የጭነት መኪና የሚሸጥ ሰው አለ። ካሶኒው እንጨት ነው፣ ቀለም የሚባል የለውም። አባዬ ስልክ ላይ ዕብራይስጥ ሲናገር ሁልጊዜ ይጮኻል፤ ሕንፃው ሁሉ ይሰማል። ልጄ ናት የምታየው አለ። መካኒክ ናት አለ። ከዚያ፣ እባክህ ምንም አታቅርብልን፣ ሻይም ቢሆን፣ መጀመሪያ ከሥሩ እናያለን አለ። ሰውየው ምን እንዳለው አልሰማሁም። አባዬ ደገመለት። ሻይ የለም። ውሃ የለም። መጀመሪያ ከሥሩ።

ስልኩን ዘጋና ከኋላው መቆሜን አየ። ይቅርታ አላለኝም። ልክ ነሽም አላለኝም። እኔም ስለ ሐሙሱ ቃሌ ይቅርታ ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። አሁንም ትንሽ ተናድጃለሁ። እሱም ይመስለኛል።

ነገ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት እንሄዳለን፣ አያ ደመቀ አይመጡም አለ። ወደ ክፍሉ ሊገባ ሲል በሩ ላይ ቆመ።

«ነገ ምሳሽን ጠግበሽ ብዪ» አለኝ።