የሠላሳ አንዱ ባስ ጉዳይ

ውድ ዴልማር፣

ከሁለት ዓመት በፊት በአርባ ሰው ፊት ሌባ ብለኸኛል። አንድ እሑድ ከስብከት በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የምሳው ሳህን ገና ሳይነሣ፣ ብድግ ብለህ "ሐይቁን የበላው ወንድም ሆሊስ ነው" አልክ። በረንዳዬ ላይ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ሠላሳ አንድ የባስ ዓሦች እንዳየህ ተናገርክ። ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ያሳየሁህ እኔው መሆኔን ግን አልተናገርክም። ከእነዚያው ዓሦች ሦስቱን በበቆሎ ዱቄት ለውሼ ጠብሼልህ፣ እሾኩን እየለቀምክ "ስለ ሐይቁ ሳትሳሳት አትቀርም ብዬ ነበር፤ አልተሳሳትክም" ማለትህንም ዋጥከው።

ደብዳቤህ ባለፈው ማክሰኞ ደረሰኝ። ሁለት መስመር ነው። "ሐይቁ ይፈልግሃል። የበሩ ቁልፍ አልተቀየረም።" መልሴን ከመስጠቴ በፊት አንተ የዘለልከውን እኔ ልጻፈው።

ያንን የጥጥ ማሳ ቆፍረን፣ ቀዩን አፈር ገድበን ሐይቅ ስናደርገው ሁለታችንም ጥቁር ፀጉር ነበረን። አንተ ባሱን ያኔውኑ ካልጨመርን ብለህ ተነሣህ። እኔ ገበታ ሳይቀርብ እንግዳ አይጠራም አልኩ። በመከር መጀመሪያ መዳፍ የምታክለውን ጠፍጣፋዋን የብሪም ዓሣ ጨመርን፤ ባሱን የጨመርነው ብሪሟ ከተረጋጋች በኋላ፣ በሚቀጥለው ሰኔ ነው። ተቆጥተህ አንድ ሳምንት አላነጋገርከኝም። በሦስተኛው ዓመት ከዚያ ሐይቅ የወጣውን ባስ ለማየት ሰው ከሁለት አውራጃ ማዶ መጣ። ማን እንዳሳደገው ሲጠይቁህ ጣትህን ወደ እኔ ቀሰርክ። ይህንንም አልረሳሁም።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ስለ ዓሣ የማውቀውን ያስተማረኝ ቢላዋዬ ነው። ለጠበስኩት ባስ ሁሉ ጨጓራውን ሳልከፍት ቀርቼ አላውቅም። አፉ ሰፊ ነውና ያገኘውን ሁሉ ይውጣል ይላሉ፤ ሐሰት አይደለም። እንቁራሪት አግኝቻለሁ፣ የጭቃ ሸርጣን፣ የውኃ ተርብ እጭ፣ ከጎጆዋ የወደቀች የወፍ ጫጩት፣ አንድ ጊዜም የአንተን የጎማ ትል ከነመንጠቆው። ይህ ሁሉ ግን ቀን መግፊያ ነው። በእኛ ሐይቅ ባስን ባስ የሚያደርገው ጣት የምታክል የብሪም ልጅ ናት። ብሪም በግንቦት ጥልቀት በሌለው ዳር ክብ ጎጆዋን ትምሳለች፤ እንቁላሏን ትጥላለች፤ እስከ መስከረም ደጋግማ ትጥላለች። ሐይቁ የሚኖረው በእሷ ማህፀን ነው።

ከዚያ ሐይቁ የማኅበር ሆኖ አባላት ሲበዙ፣ አንተ በሩ ላይ ያንን ሰሌዳ ጻፍክ። "ባስ ይዞ የወጣ፣ አባልነቱን ያጣ።" ማኅበርተኛው ሁሉ ባስ ሲይዝ ግንባሩን ስሞ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይለቀው ጀመር። ዓሣ መብላት እንደ ነውር ተቆጠረ። ዐሥር ዓመት አንድ ባስ ሳይወጣ በየጸደዩ ሌላ ተፈለፈለ። በአንድ ማሳ ላይ ላም እየጨመርክ አንዷንም ባትሸጥ ሣሩ የት ይደርሳል ብዬ በስብሰባ ጠየቅሁ። ኮይ ሌድቤተር "ሆሊስ ጥብስ አምሮት ሰበብ ነው የሚፈልገው" አለ። አዳራሹ ሳቀ። አንተም ሳቅህ።

ስለዚህ ብቻዬን ጀመርኩ። ሕጋችሁን ጥሻለሁ፤ አልክድም። አንድ ስንዝር ተኩል የማይሞሉትን ብቻ አወጣሁ። ከሠላሳ አንዱ የአሥራ ዘጠኙ ጨጓራ ባዶ ነበር። በቀሩት ውስጥ እጭና ሸርጣን አገኘሁ። ብሪም ያገኘሁት በሁለቱ ብቻ ነው። ይህን ነበር ያሳየሁህ፤ በዚህ ነው ሌባ የተባልኩት።

አንድ የማፍርበት ነገር አለኝ፤ ለማንም አልነገርኩትም። ከሐይቁ ካባረራችሁኝ በኋላ ባሶቹ ከሱ፣ ጭንቅላት ብቻ ሆኑ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ያሳደግኳቸው ዓሦች ሲራቡ ሁለት ዓመት ሙሉ ደስ አለኝ። ለሐይቅ ጠባቂ ከዚህ የከፋ ኃጢአት የለም።

ያለፈው መጋቢት ቨርሊን ሚስትህ የበረዶ ሣጥን ይዛ መጣች። ሳትቀመጥ፣ የፒክአፕ መኪናዬን የኋላ መዝጊያ አውርዳ አንድ ባስ ከሣጥኑ አውጥታ ዘረጋችው።

"ዴልማር መምጣቴን አያውቅም" አለች።

"እንግዲያው አልመጣሽም።"

"ቀልድህን ትተህ ቢላዋህን አምጣ። በራሴ መንጠቆ የያዝኩት ነው። ወንዶቹ ሁለት ዓመት አፋቸውን ሲከፍቱ ሰምቻለሁ፤ አሁን የዚህ ሆድ ይከፈት።"

ራሱ የትልቅ ዓሣ፣ ሆዱ ግን የተጣበቀ ነበር። ከፈትኩት። ከውስጡ ሌላ ዓሣ ወጣ፤ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለው። ቨርሊን አጎንብሳ አየችው።

"ይኼ ብሪም አይደለም።"

"አይደለም። ባስ ነው።"

"የራሱ ልጅ?"

"የራሱ ይሁን የጎረቤቱ አላውቅም። ሲርበው አይመርጥም።"

ከዚያ ቀና ብላ "ባሌ ይህን ያውቅ ነበር?" አለችኝ።

ዴልማር፣ ያን ጊዜ አንተን ለማሳፈር አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። "ባልሽን ጠይቂ፤ እኔ የምመሰክረው ስለ ዓሣ ብቻ ነው" አልኳት። ሁለቱንም በበረዶ ጠቅልዬ ሰጠኋት። በሚቀጥለው እሑድ በምሳ ገበታችሁ መካከል እንዳስቀመጠቻቸው፣ ኮይም ሳህኑን እንደገፋ ሰምቻለሁ። ሰሌዳው እንዲነሣ እጅ ያወጣው የመጀመሪያው ሰው አንተ መሆንህንም ሰምቻለሁ። ደብዳቤህ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። ሰኞ ማለዳ እመጣለሁ። የምመጣው ለአንተም ለማኅበሩም አይደለም፤ ብሪሞቹ ጎጆ ሊምሱ ሦስት ሳምንት ነው የቀራቸው፤ ከዚያ በፊት ትንንሹ ባስ መቀነስ አለበት። እያንዳንዱ አባል በሄደ ቁጥር አምስት አምስት አውጥቶ ይብላ። መጥበስ የማያውቅ ካለ ላሳየው እችላለሁ። የጨጓራውን ምርመራ ግን እኔ ነኝ የምሠራው፤ በቢላዋዬ ላይ ማንም አያዝም። ይህ ሐይቅ እንደገና ሰው ከሁለት አውራጃ ማዶ ይጠራል፤ እጄ የሠራውን አውቃለሁ።

ጀልባው ላይ ከፊት ትቀመጣለህ፣ እኔ ከኋላ እቀዝፋለሁ፤ እንደ ድሮው።

ይቅርታ ልትጠይቀኝ ቃል ስትመርጥ መክረምህን ቨርሊን ነግራኛለች። ተወው። በአዳራሹ ያልከውን እዚህ ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ከእንግዲህ ለአንተም ለሌላም፣ በቁም ነገርም በቀልድም፣ ከአፌ አይወጣም። አንተ ካነሣኸው ጀልባውን ወደ ዳር መልሼ፣ አንድ ቃል ሳልናገር እወርዳለሁ።

ሆሊስ ትረደዌይ