«ተቃጥላለች» ስለተባለችው ካሴት

ለተከበሩ የድርጅታችን ሥራ አስኪያጅ፤

አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ በተለይ ዐይንዎን ደኅና ያድርግልዎ። ምክንያቱን ዝቅ ብለው ያገኙታል።

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ሳንጨርሰው የሰረዙብንን፣ ትንሹ ሰውዬ ከግንብ ግንብ የሚዘልበትን የቪዲዮ ጌም የመጀመሪያ ሙከራ ካሴት በድርጅቱ አዳራሽ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ስላየኋት ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድኩ።

1. ጌሙ በተሰረዘ ሳምንት ሰብስበውን ካሴቷ ከመጋዘኑ ጋር መቃጠሏን ነግረውን፣ እኛም እርማችንን አውጥተን ነበር። ከዚያ ሁሉ እሳት ጥግዋ እንኳ ሳይጠቁር ስላተረፏት እናመሰግናለን። «እንዳይነካ» የሚለው የላይዋ ጽሑፍ የእኔው የእጅ ጽሑፍ ነው።

2. ከጎኗ የቆመው ሰሌዳ የጌሙ ፈጣሪ እርስዎ መሆንዎን ይገልጻል። ሥዕሉን የሣልኩት እኔ፣ ፕሮግራሙን የጻፈው ጓደኛዬ ስንሆን፣ እርስዎ ደግሞ በየሰኞው ብቅ ብለው መቼ እንደሚያልቅ ይጠይቁን ነበር። መጠየቅም ድካም ነውና በዚህ አልከፋኝም።

3. በዚህኛው ግን ከፍቶኛል። የፕሮግራመሩ ዐይን እየደከመ ነው፤ ሐኪሙም ከጥቂት ወራት በላይ እንደሚያይ ተስፋ አልሰጠውም። እሱ ራሱ ዝላይ ያስተማረውን የጌሙን ትንሽ ሰውዬ አንድ ጊዜ ማየት ስለፈለገ፣ ምናልባት ሌላ ቅጂ ተርፎ እንደሆን ብለን አምና እጁን ይዤ ቢሮዎ ድረስ አመጣሁት። እርስዎም ትከሻውን አቅፈው «ወንድሜ፣ ብትኖር ላንተ ነበር የምሰጣት» አሉት። ደረጃውን ስንወርድ እኔን የሚያጽናናው እሱ ነበር፤ «እሱም አዝኗል፣ ድምፁን አልሰማሽም?» አለኝ። ካሴቷ ያን ጊዜ ከእርስዎ መሳቢያ ውስጥ እንደነበረች ያወቅሁት፣ እርስዎ ራስዎ በዐውደ ርእዩ የመክፈቻ ንግግር በኩራት ሲናገሩ ነው። ለጓደኛዬ እስካሁን አልነገርኩትም።

ክስም ካሳም አልጠይቅም። መስታወቱ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ይከፈትና የመጫወቻው ጆይስቲክ በጓደኛዬ እጅ ይግባ፤ ከዚያ መልሰው ይቆልፉት።

መጋዘንዎ ተቃጠለ ብላ ሃያ ስድስት ዓመት ያዘነችልዎት፣
አሁንም በትሕትና ደጅ የምትጠናዎት
የቀድሞ ሠዓሊዎ

ይድረስ ለጌሙ «ፈጣሪ»፦ በመክፈቻው ዕለት በእንግዶች ፊት ሲጫወቱ፣ ሰውዬው ሦስተኛው ድልድይ ላይ በደረሰ ቁጥር ወለሉን አልፎ ሲወድቅብዎ ጌሙ እዚያ ላይ እንደሚያልቅ አስረድተው ነበር። አያልቅም። ድልድዩ ገና ሥዕል ብቻ ሆኖ የሚያስቆም ወለል ስለሌለው ፕሮግራመሩ ለእኛ መሞከሪያ የሚሆን ድብቅ ማለፊያ አበጅቶለታል፤ ከዚያ ወዲያ አራት ደረጃዎች አሉ። ማለፊያውን የሠራው ሰው ያውቀዋል፤ ለእርስዎ መንገር ግን ድፍረት እንዳይሆንብኝ ትቼዋለሁ።