ለዶክተር ስመኝ የሰጠኋት ዜሮ

ለተከበሩ ዶክተር ወልደአምላክ
የቤተሰብ ሐኪሞች ተጨማሪ ኮርሶች አስተባባሪ
ሲልቨር ስፕሪንግ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎን እንደ ሰርተፍኬቶችዎ ያብዛልዎት እያልኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እኔ ኃይለመለኮት የምባል፣ ጎንደር ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሐኪምም መምህርም ሆኜ የሠራሁ፣ እዚህ አሜሪካ ግን የሐኪምነት ፈቃድ ፈተናውን ማለፍ አቅቶኝ በእርስዎ ቸርነት በበሽተኛነት የተቀጠርኩ ሰው ነኝ። ሥራዬ በሠልጣኝ ሐኪሞች ፊት «አቶ አበጀ» ተብዬ መቅረብ ነው፤ ስኳር ያለበት፣ መድኃኒቱን ትቶ ጸበል ብቻ የሚጠጣ፣ ምክር የማይሰማ ሀበሻ። ሐኪሞቹ ከመደበኛው ሥልጠና በላይ የተጨመረባቸውን «የሀበሻ ሕመምተኛ አያያዝ» ኮርስዎን ማለፍ አለማለፋቸውን ቅጽ ሞልቼ የምመሰክረውም እኔው ነኝ። ስላመኑኝ አመሰግናለሁ።

ባለፈው ወር ወደ ክፍሉ የገባችው ዶክተር ስመኝ ነበረች። ጎንደር ያስተማርኳት ልጅ ናት። ስታየኝ በሩ ላይ ቆማ «ዶክተር፣ እርስዎ ነዎት?» አለችኝ። እኔም በመመሪያዎ መሠረት «አቶ አበጀ እባላለሁ፤ ስኳር አለብህ ይሉኛል» አልኳት። ዓይኗን ሰበር አደረገች፤ ከዚያ በኋላ ቀና አላለችም።

ጥቂት ጠያይቃኝ ጫማዬን እንዳወልቅ ለመነችኝ። የስኳር ሕመምተኛን እግሩን ሳታዩ አትሸኙ ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እምቢ ልላት ፈልጌ ነበር፤ ምክንያቱም ክቡር ሆይ፣ ስኳሩ እርስዎ በጻፉልኝ ወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በእኔም ውስጥ አለ፤ ባለቤቴ እንኳ አታውቅም ነበር። ስመኝ ተንበርክካ ካልሲዬን አወለቀችና ከአውራ ጣቴ ሥር መግል የያዘ ቁስል አገኘች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይሄ የእውነት ነው» አለችኝ። «ጸበል እቀባዋለሁ» አልኳት፤ የተጻፈልኝ እንደዚያ ነበርና። የፈተናው ሰዓት ማለቁን የሚናገረው ደወል ተደወለ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፣ ቅጽዎ «ሐኪሙ ሕመምተኛውን ዓይን ለዓይን አይቷል ወይ?» ይላል። እርስዎ ደብረ ማርቆስ ያደጉ ሰው ነዎትና አንዲት ተማሪ በመምህሯ ፊት ለምን እንደምታቀረቅር አያጡትም። ዜሮ ሰጠኋት።

ሁለተኛ፣ ሰዓት አላከበረችም ብዬ ሌላ ዜሮ ጨመርኩላት። ሰዓቱን የበላው እግሬ ነው፤ ቁስል ላገኘ ሐኪም ግን ቅጹ ላይ የሚሞላ ቦታ የለም።

ሦስተኛው በእርስዎ ላይ አይደለም። ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።

እርስዎም የኮርሱን ስምንት ሳምንት እንደገና እንድትማር ወሰኑባት። በማግስቱ ስትደውልልኝ ልትወቅሰኝ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሳላነሳ ቀረሁ። በሦስተኛው ሳነሳው «ዶክተር፣ ቁስሉን ለሰው አሳዩት?» አለችኝ እንጂ ስለ ነጥቡ አንድም ቃል አልተናገረችም። አላሳየሁም ነበር። ከምትኖርበት ከዊተን ድረስ መጥታ ክሊኒክ ወሰደችኝ፤ አንድ ሳምንት ብዘገይ ኖሮ ጣቴ ይቆረጥ እንደነበር እዚያ ነገሩን። ስንመለስ መኪናዋ ውስጥ ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት «ክኒኑን ምግብ በልተው ይውሰዱት» አለችኝ።

ስለዚህ በእኔ እጅ የተሞላው ቅጽ እንዲሰረዝ፣ እኔም ከበሽተኛነት ሥራዬ መሰናበቴ እንዲመዘገብልኝ እለምናለሁ።

በታላቅ አክብሮትና ከእሱም በሚበልጥ ሐፍረት፣
የታዘዘውን ሁሉ አንድ ቃል ሳያጎድል የፈጸመው አገልጋይዎ
ኃይለመለኮት፣ ላንድማርክ፣ አሌክሳንድሪያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ከቢሮዎ «የዓመቱ ምርጥ ሕመምተኛ» የሚል የምስጋና ወረቀት ደርሶኛል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሐኪምነት ያላገኘሁትን ሽልማት አንዲት ደህና ሐኪም በመጣሌ ሰጣችሁኝ። መልሼ ልኬዋለሁ፤ ከእኔ ይልቅ የሚገባው ሰው ከኮርሱ ኮሚቴ አባላት መካከል አይጠፋም።