ስለሌሉት ጉሬዛዎች የደረሰኝ ማስጠንቀቂያ

ለተከበሩ የጋራ ዌኒ የመሬትና ሊዝ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለምክትልዎ፣ እንዲሁም በመጣሁ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለች በፈገግታ ለምትመልሰኝ ጸሐፊዎ ጤና ይስጥልኝ እላለሁ። የድንጋይ ካባው አቧራ እስከ ቢሮዎ ስለማይደርስ ሳንባዎ ደኅና እንደሆነ አልጠራጠርም፤ እኛም እያሳልን ደኅና ነን።

እኔ ማሪቱ አሥራት እባላለሁ። ከጋራው ሥር፣ ከመናገሻ ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ ዳር ሲሚንቶ፣ ሚስማርና ቆርቆሮ እሸጣለሁ። ስለዚህ የድንጋይ ጠላት ናት ብለው እንዳያስቡብኝ፤ ካባው ተከፍቶ ጠጠር የጫነ ገልባጭ መኪና መመላለስ ከጀመረ ወዲህ ገበያዬ ደርቷል። የምጽፍልዎ ውለታዎን ዘርዝሬ ለማመስገን ነውና ምስጋናው ከረዘመብዎ ይታገሡኝ።

፩ኛ/ የሕዝብ የሆነውን ጋራ ለድንጋይ ካባ በሊዝ ከመስጠትዎ በፊት የዱር እንስሳት ጥናት ስላስጠኑልን እናመሰግናለን። አጥኚዎቹ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት መጥተው፣ የመኪናቸውን ሞተር ሳያጠፉ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ደኑን አየት ካደረጉ በኋላ «የዱር እንስሳ አልተገኘም» ብለው ጽፈዋል። ጥፋቱ እርግጥ የእንስሳቱ ነው፤ እንዲህ ያለ የከበረ እንግዳ ሲመጣ ከዛፍ ወርደው መንገድ ዳር መሰለፍ ነበረባቸው። ጎረቤቴ ኦቦ ኪሩ እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ ሰው ናቸውና፣ ጋራ ዌኒ ማለት በኦሮምኛ የጉሬዛ ጋራ ማለት እንደሆነ ሊያስረዷቸው ከዘራቸውን ይዘው ጠጋ ሲሉ መኪናው ተነሥቶ ሄደ። አቧራውን ከፊታቸው ሲጠርጉ እኔው ነኝ ውኃ ያቀበልኳቸው፤ እስከ ዛሬ ትዝ ባላቸው ቁጥር ይስቃሉ።

፪ኛ/ ያው ጥናት እንስሳ የለም ካለ በኋላ «ቢኖርም ምትክ ቦታ ተዘጋጅቶለታል» ማለቱ አንጀቴን አራሰው። እኛ ያለነው ሰዎች ስንነሣ ምትክ ለማግኘት ስንት ደጅ እንደምንጠና ለሚያውቅ፣ ላልተገኘ ነዋሪ ቦታ መዘጋጀቱ ትልቅ እድገት ነው። ቦታውን ኦቦ ኪሩና እኔ ሄደን አየነው። ከዳር እስከ ዳር ባሕር ዛፍ ነው። ጉሬዛ የአገር በቀል ዛፍ ቅጠል እየለቀመ የሚኖር እንስሳ ነው፤ ባሕር ዛፉን ጉንፋን ሲይዘው ይታጠነው እንደሆነ እንጃ!

፫ኛ/ ፈንጂው መፈንዳት ሲጀምር ታዲያ የሌሉት ጉሬዛዎች ከደናቸው ወጥተው በእኔ ግቢ ባለው አሮጌ ዝግባ ላይ ሰፈሩ። መጀመሪያ ያየቻቸው ከወላይታ መጥታ ፋብሪካ የምትሠራው ተከራዬ ጣቢታ ናት። እሑድ ከጸሎት ስትመለስ ቀና ብላ አይታ፣ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ቀድመውኝ መጡ ብላ በሳቅ ፈረሰች። ጥቁርና ነጭ ለብሰው ቅርንጫፉ ላይ ተደርድረው ሲያዩአቸው እውነቷን ነው። አንደኛዋ ገና ፀጉሩ ጥቁር ያልነካው፣ ድፍን ነጭ ጨቅላ ታቅፋለች።

ደባሎቼን ወድጃቸዋለሁ። ኪራይ ባይከፍሉም በመብራት አይጨቃጨቁም። ነገር ግን አንድ ዝግባ ስንቱን ያበላል? ጫፉ ከወዲሁ ተራቁቷል፤ ያችን እናት ጠዋት ጠዋት ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ቅጠል ስትፈልግ ሳያት ሆዴ ይባባል። የቀራቸው ማደሪያ ከካባው ጀርባ ያለው ሸለቆ ብቻ ነው፤ ዝግባውም ወይራውም እዚያ ነው ያለው። እርሱንም ቢሮዎ በሚመጣው ሳምንት ለሁለተኛ ካባ ሊያጫርተው ማስታወቂያ ለጥፏል።

፬ኛ/ ከሁሉ በላይ ያስፈነደቀኝ ግን ባለፈው ማክሰኞ ከቢሮዎ የደረሰኝ ማስጠንቀቂያ ነው። በክብ ማኅተም አጊጦ «በግቢዎ ውስጥ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳት ይዘው መገኘትዎ ስለተረጋገጠ» ይላል። ተረጋገጠ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ያ ሁሉ ባለሙያ በስንት ወጪ መጥቶ ያጣውን ጉሬዛ ቢሮዎ በነጻ አገኘው ማለት ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ዝቅ ብዬ የምለምንዎ አንዱን እንዲመርጡልኝ ነው። ጉሬዛ ከሌለ እኔም ጥፋት የለብኝምና ማስጠንቀቂያዬ ይሰረዝልኝ። ጉሬዛ ካለ ደግሞ ጥናቱ ውሸት ነውና ሸለቆው ከጨረታው ይውጣልን። የለም ብሎ መሬቱን መሸጥ፣ አለ ብሎ እኔን መቅጣት፣ ሁለቱ በአንድ ማኅተም ሲሆን ማኅተሙም ያፍራል። ድንጋይ አይቆረጥ አላልንም፤ እኔም የምበላው በግንባታ ነው። ከጋራው ማዶ ሣር እንኳ የማያበቅል አለት ሞልቷል፤ መንገድ መጥረግ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ያችን ሸለቆ ግን ይተዉልን፤ እባክዎ።

ለቢሮዎ ያለኝን ከጋራው፣ ማለትም ካባው ከመከፈቱ በፊት ከነበረው ጋራ፣ ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣

ማሪቱ አሥራት
የሲሚንቶ ነጋዴ፣ ግብር ከፋይ፣ በቢሮዎ ማረጋገጫም የጉሬዛዎች አከራይ

ግልባጭ፦
ለዝግባው ነዋሪዎች (ካሉ)

የተረሳ ነገር፦ ማስጠንቀቂያው መጨረሻው ላይ «እንስሳቱን በአስቸኳይ ወደ ተፈጥሯዊ መኖሪያቸው እንዲመልሱ» ሲል ያዝዘኛል። እሺ ጌታዬ፣ በደስታ! እርስዎ መኖሪያቸውን ይመልሱ፣ እኔ እነሱን ዛሬውኑ እመልሳለሁ።