ያን ጎማ ያጠበቅሁት እኔ ነኝ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣ ቦንጋ።

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን ተሻለዎት ወይ? እማማስ ደህና ናት? ቡናውስ ዘንድሮ እንዴት ሆነላችሁ? እኔ ልጅዎ ዱባለ እስከ ዛሬ በጤና አለሁ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ መላክ ስላልደፈርኩ ለነጋዴዋ ለወይዘሮ ዙቤዳ በእጃቸው ሰጥቻለሁ። እህቴ አልማዜ ካነበበችልዎ በኋላ እሳት ውስጥ ይጨምሩት።

አባቴ፣ ክፉ ወሬ አለኝ። የአገራችን ልጅ ሾፌሩ ገብረአምላክ ሞተ። በቆሎ ጭኖ ሆለታን እንዳለፈ፣ ቁልቁለቱ ላይ የፊት ጎማው ተፈትቶ ወጣና መኪናው ገደል ገባ። ቀራንዮ መድኃኔዓለም ቀበርነው። ሚስቱ ወርቅዬ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮልፌ ያለው ጋራዣችን በጥቅምት ዳዶውን፣ ማለት የጎማውን ማሰሪያ ብሎን፣ በንፋስ ኃይል የሚያጠብቅ መሣሪያ መጣለት። ድምፁ ተኩስ ስለሚመስል መትረየስ አልነው። የግማሽ ሰዓቱን ሥራ በአምስት ደቂቃ ይጨርሰዋል። አንጋፋው መካኒካችን አቶ ወዬሳ ግን አላመኑትም። «መጀመሪያ ዳዶውን በጣትህ አስይዝ፤ ከዚያ ትይዩ ያሉትን እያፈራረቅህ አጥብቅ፤ መኪናውን ከክሪኩ አውርደህ መጨረሻውን በእጅ ቁልፍ ጨርስ። ንፋሱ ሲያንስም ጩኸቱ ያው ነው፤ ጩኸት አያታልልህ» ይሉኝ ነበር። አዲሱ ኃላፊ በቀን የሚወጣው መኪና አነሰ ብሎ በእጅ ማጥበቁን ከለከለ። አቶ ወዬሳ በስብሰባ ላይ ተነሥተው «ሰው ይሞታል» አሉት።

የገብረአምላክን መኪና የሠራሁት እኔ ነበርኩ። መብራት ሄዶ ገና መመለሱ ስለነበር የመሣሪያው ንፋስ በቅጡ አልሞላም። መሣሪያው ጮኸ፤ እኔም ጠበቀ ብዬ አመንኩ። የእጅ ቁልፉ እግሬ ሥር ነበር። ኃላፊው ቆሞ ሲያየኝ ፈርቼ አላነሳሁትም።

ከቀብሩ ማግሥት አቶ ወዬሳን ወሰዷቸው። «ሰው ይሞታል ብሎ አስቀድሞ የተናገረ፣ ሆን ብሎ ያደረገ ነው፤ አሻጥር ነው» ተባለ። ባለፈው ሰኞ ሠራተኛው ሁሉ እንዲመሰክርባቸው የሚፈረም ወረቀት ዞረ። እኔ ጋ ደረሰ። ከፊርማዎቹ ሥር «ያን ጎማ ያጠበቅሁት እኔ ነኝ፤ በእጅ እንዳናጠብቅ ያዘዘን ኃላፊው ነው» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊው አነበበውና አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወዲህ አብሮኝ ምሳ የሚበላ የለም።

ዛሬ የአቶ ወዬሳ ሚስት ከበደች ስንቅ ይዛ እስር ቤት ብትሄድ ጠባቂዎቹ «ከእንግዲህ አታምጪ» ብለው መለሷት። እኔም ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ቀበሌ እንድቀርብ ተነግሮኛል።

ለወርቅዬ እውነቱን ነገርኳት። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ወደ እናንተ ከመጣች እንደ ልጅዎ ይቀበሏት። ወሬዬ ቢጠፋ ግን አደራዎን፣ ፍለጋ ብለው ወደዚህ እንዳይመጡ።

አልማዜን ጉንጯን ሳሙልኝ፤ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ። አጎቴን ደሜን፣ ዋጋነሽንም ከነልጆቿ ሰላም በሉልኝ። እማማን እግሯን ስሜያለሁ። ስለ ነገው አይንገሯት፤ ደህና ነው ብቻ ይበሏት።

ልጅዎ ዱባለ
ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 18 ቀን 1977 ዓ.ም.